መኪናው ዞረ፤ ክብደቱስ የት ሄደ?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በስፌት ወዳጆች መሃል እየዞረ ነው። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ላከልኝ። አንዷማ «በይ አንቺም አዙሪውና ተገላገዪ» የሚል አክላበታለች። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ዝም ማለት አቃተኝ።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህን ነው። በቤት ስፌት መኪና ክዊልት የሚባለውን ድርብርብ ብርድ ልብስ በነጻ እጅ ስትሰፉ የሚያስቸግራችሁ የመኪናው አቀማመጥ ነው። ስለዚህ 90 ዲግሪ አዙሩት። መርፌ ያለበት ጫፍ ወደ ደረታችሁ ይምጣ፣ መዘውሩ፣ ያ በእጅ የሚዞረው ክቡ፣ ያለበት ጫፍ ወደ ማዶ ይሂድ። ይህን ስታደርጉ የመስሪያ ቦታችሁ በእጥፍ ይሰፋል። ለክዊልት ተብሎ የሚሰራ ጠረጴዛ አያስፈልጋችሁም። የትከሻና የአንገት ሕመም ይለቃችኋል። ከማዶ ያለውን ጫፍ የቻላችሁትን ያህል ከፍ ብታደርጉት ደግሞ የበለጠ ይቀላችኋል። በመጨረሻም ጠረጴዛውን ከግድግዳ አርቁት፣ ክዊልቱ በዙሪያው በነጻነት ይንጠልጠል።

ጸሐፊዋ መስፋት የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ሥራቸው ያስታውቃል። ማዞሩም ጥቅም አለው፣ እኔም አልፎ አልፎ አዞራለሁ። የማልስማማው በምክንያታቸው ነው። ምክንያቱ ከተሳሳተ አንባቢ መኪናውን አዙሮ፣ ችግሩን ግን እንደያዘ ይቀመጣል።

ለአዲስ ጀማሪ አንድ ነገር ላስቀድም። ክዊልት ሦስት ድርብ ነው፦ ከላይ ተቀጣጥሎ የተሰፋው ጨርቅ፣ ከመሃል ስስ ጥጥ፣ ከታች ገበር። ሦስቱ እንዳይለያዩ ከላይ እስከ ታች ይሰፋሉ። ስፌቱ በነጻ እጅ ሲሆን ጨርቁን ወደ ኋላ የሚስቡት የመኪናው ጥርሶች ዝቅ ይደረጋሉ። ከዚያ በኋላ ጨርቁን የሚያንቀሳቅሰው የእናንተ እጅ ብቻ ነው። ወደ ግራ ብትሉት ግራ፣ ክብ ብትሉት ክብ ይሄዳል። የስፌቱ እርምጃ ማጠርና መርዘም የሚወሰነውም የእጃችሁና የመርፌው ፍጥነት በመስማማታቸው ነው። ይህችን ያዙልኝ። ክርክሩ ሁሉ ወደዚህችው ይመለሳል።

«ቦታው በእጥፍ ይሰፋል»

አይሰፋም። በመርፌውና በመኪናው ቋሚ አካል መሃል ያለው ክፍተት፣ እኔ ብብቱ የምለው፣ የመኪናው የራሱ ነው። 18 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወዴትም ብታዞሩት 18 ሳንቲ ሜትር ነው።

በስሌት እንየው። 150 በ150 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክዊልት አለን እንበል። መሃሉ ላይ አበባ ልትሰፉ ነው። ከመሃሉ እስከ ዳሩ 75 ሳንቲ ሜትር አለ። ያ 75 ሳንቲ ሜትር ተጠቅልሎም ሆነ ተጨማዶ በ18 ሳንቲ ሜትሩ ብብት ውስጥ መግባት አለበት። መኪናው እንደ ወትሮው ሲቀመጥ ይህ ጥቅል በቀኛችሁ ይሆናል። ሲዞር ወደ ማዶ ይሄዳል። ጥቅሉ ያው ነው፣ ብብቱም ያው ነው። የተለወጠው መውጫ የሌለው ወገን በየት በኩል እንደሆነ ብቻ ነው።

ይህ ለውጥ ግን ከንቱ አይደለም፤ እዚህ ላይ ለጸሐፊዋ ሐቃቸውን ልስጥ። በወትሮው አቀማመጥ ቀኝ እጅ ከጥቅሉ ጋር ሲጋፋ ይውላል። ግራ እጅ እንደ ልቡ ሲንቀሳቀስ ቀኙ ጠባብ ቤት ውስጥ እንደገባ ሰው ክርኑን ሰብስቦ ይሰራል። መኪናው ሲዞር ሁለቱም እጆች እኩል ይፈታሉ። ከግራ ወደ ቀኝ ረጅም መስመር ለሚሄድ ንድፍ፣ ለምሳሌ የክዊልቱን ዳር ዙሪያውን ለሚከተል ሐረግ፣ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። «ይመቻል» ብለው ቢያቆሙ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። «በእጥፍ» የሚለው ነው ያስነሳኝ።

ጸሐፊዋ እዚሁ ላይ ከሁሉም የሚጠነክረውን ማስረጃቸውን ያመጣሉ። ቁጭ ተብሎ የሚሰራባቸው ትላልቅ የክዊልት መኪናዎች ከፋብሪካ ሲወጡ መርፌያቸው ወደሚሰፋው ሰው ዞሮ ነው ይላሉ። እውነት ነው። ግን የእነዚያ መኪናዎች ብብት 40 ሳንቲ ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ነው። ከሰፊ ጠረጴዛ ጋር ተስተካክለው ይቀመጣሉ። ክር ማስገቢያውም፣ የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት ቦቢኑም፣ መቆጣጠሪያውም ለዚያ አቀማመጥ ታስቦ የተሰራ ነው። የቤታችን መኪና ይህ ሁሉ የለውም። ከአውቶቡስ ጋር በአንድ አቅጣጫ ስለቆመች ታክሲ አውቶቡስ አትሆንም።

«ጠረጴዛ አያስፈልግም»

ዋናው ጠባችን እዚህ ነው። በነጻ እጅ ስፌት ሰውን የሚያስለቅሰው ከቦታ ጥበት ይልቅ ክብደት ነው፤ በትክክል ለመናገር፣ የክብደቱ መጎተት።

200 በ200 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጥጥ ክዊልት ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ሁለት ኪሎ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ተሸክሞ መሄድ ቀላል ነው። በጣት ጫፍ እየገፉ፣ በሚሊ ሜትር ልክ ማንቀሳቀስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በተለይ ግማሹ ከጠረጴዛው ጠርዝ ተንጠልጥሎ ወደ መሬት ሲስብ።

መርፌው በደቂቃ 600 ጊዜ እየወረደ ነው እንበል። በሴኮንድ 10 ጊዜ ማለት ነው። እርምጃው 2.5 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ከፈለጋችሁ እጃችሁ በሴኮንድ 25 ሚሊ ሜትር መሄድ አለበት። አሁን የክዊልቱ ጫፍ የሆነ ነገር ያዘው። የጠረጴዛው ጠርዝ ሊሆን ይችላል፣ የወንበሩ ክንድ፣ ወይም የራሳችሁ ጉልበት። የተያዘው ለግማሽ ሴኮንድ ብቻ ቢሆን እንኳ መርፌው አምስት ጊዜ እዚያው አንድ ቦታ ወጋ። እናንተ ጠንከር አድርጋችሁ ስትገፉ ጨርቁ ድንገት ይለቃል። እጃችሁ ይፈተለካል፣ አንድ እርምጃ ሰባት ሚሊ ሜትር ይሆናል። እንደ ጉንዳን ሰልፍ ተከታትሎ ሲመጣ የነበረው ስፌት መሃሉ ላይ ቋጠሮ ሰራና ዘለለ። ጀማሪ ይህን ሲያይ «እጄ አይታዘዝም» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። እጁ ምንም አላጠፋም። የተንጠለጠለው ጨርቅ ነው የጎተተው።

እንግዲህ የዞረውን መኪና እናስብ። የቤት መኪና ከጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚሰፋበት ወለል ከጠረጴዛው ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። እጅጌ የሚገባበት ቀጭኑ ክንድ ደግሞ በመርፌው በኩል ያለው ነው። ሲዞር ይህ ቀጭን ክንድ ልክ ወደ ሆዳችሁ ይቀሰራል። ግራው ገደል፣ ቀኙ ገደል፣ ፊቱም ገደል ሆነ ማለት ነው። ክዊልቱ በሦስት በኩል ይወርዳል። ያለ ደልዳላ ወለል ማዞር ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አይፈታውም።

ይህን በሐሳብ ብቻ አይደለም የማውቀው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም አዙሬ ነበር፤ ያለ ምንም ተጨማሪ። ለአንድ ሰው የሠርግ ስጦታ የማዘጋጀው ክዊልት ነበር። መሃሉን ጨርሼ ወደ ግራው ጥግ ስደርስ ጥቅሉ በግራ በኩል ሸርተት ብሎ ወደ መሬት ወረደ። ጨርቁ መርፌውን ይዞት ሄደ። መርፌው ተለመጠ፣ ብረቱን መታ፣ ቀጭ! ስብርባሪው የት እንደገባ ስፈልግ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በኋላ ያገኘሁት የመሃል ጥጡ ውስጥ ነው። በእጄ ስዳስስ ወጋኝ። ስጦታ ላይ መርፌ ጥዬ ብሰጥ ኖሮ አስቡት።

በማግስቱ መኪናውን አልመለስኩትም። አቅጣጫውን እንደዞረ ተውኩትና ዙሪያውን ደለደልኩ። ጠንካራ የማሸጊያ ፎም በመኪናው ከፍታ ልክ ቆረጥኩ፣ የጎደለውን በወፍራም ካርቶን ሞላሁ፣ ከላይ ለስላሳ ፕላስቲክ አልብሼ ለመርፌው ቦታ ቀደድኩለት። በግራ በኩል መተኮሻ ጠረጴዛውን በዚያው ከፍታ አቆምኩት። ያው ክዊልት፣ ያው መርፌ ቁጥር፣ ያው ክር ነው። ጨርቁ በበረዶ ላይ እንደሚንሸራተት ሄደልኝ። ቀጥሎ ለማመሳከር መኪናውን ወደ ወትሮው አቀማመጥ መለስኩትና ፎሙን በዚያ ልክ አስተካከልኩት። ያኔም ሄደልኝ። ለእኔ ነገሩ የተፈታው ያን ቀን ነው። መዞሩ ልዩነት ነበረው፣ ግን ትንሽ። መደልደሉ ነበር ሰማይና ምድር የሆነው።

ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። ጸሐፊዋ ራሳቸው፣ ጽሑፋቸው መሃል ላይ እንደ ዋዛ፣ መኪናውን ያዞሩት አዲስ ሰፊ ጠረጴዛ በገዙበት ሳምንት መሆኑን ጠቅሰዋል። ስፌታቸው የተሻሻለው በዚያው ሰሞን ነው። ምስጋናው ግን በሙሉ ለመዞሩ ሄደ። ምስኪን ጠረጴዛ!

ለማሳያ ያቀረቡት ሥራም ያንኑ ያስብለኛል። ከ40 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ቁራጭ ነው። ቁራጭ ላይ ሁሉም ዘዴ ይሰራል። መኪናውን ብታዞሩት፣ ቆማችሁ ብትሰፉ፣ ቁራጩ አይከብድም፣ አይንጠለጠልም፣ ብብት ውስጥ አይጨናነቅም። ዘዴ የሚፈተነው ሙሉ ክዊልት ሲገባበት ነው።

የድሮዎቹን የእግር መኪናዎች አስታውሱ። አይዛክ ሲንገር በአውሮፓውያን 1851 የስፌት መኪናውን የፈጠራ ባለቤትነት ፈቃድ ካወጣ በኋላ በየቤቱ የገቡት፣ ከእንጨት ጠረጴዛቸው ጋር የሚመጡት ዓይነት። መኪናው እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ወለሉና እንጨቱ እኩል ናቸው። በእነዚያ መኪናዎች ላይ መኪናውን ሳያዞሩ በነጻ እጅ የሚሰፉ፣ ጥልፍም የሚጠልፉ ሰዎች ሞልተዋል። ብዙዎቹ አሮጌ መኪናዎች ጥርሳቸው አይወርድም፤ በስስ ሳህን ወይም በካርቶን ይሸፈናል፣ ያልቃል። (ጸሐፊዋ ጥርስ ማውረድ ግዴታ ነው ያሉትንም በዚሁ ልለፈው። የእርምጃውን ርዝመት ዜሮ አድርገው ጥርሱን ሳያወርዱ የሚሰፉ አሉ። መኪናችሁ የሚወደውን ሞክራችሁ ያዙ።) ከፍታው የመጣብን መኪናው ተንቀሳቃሽ ሲሆን፣ እጅጌ የሚገባበት ክንድ ሲወጣለት ነው። ለሱሪ እግር ተመቸ፣ ለክዊልት ጉብታ ሆነ። ጉብታውን ደግሞ ማዞር አያጠፋውም።

«ትከሻ አያምም»

ከፊል እውነት አለው። ቀኝ ክንዱ ተጣሞ ለሚውል ሰው መዞሩ ያግዛል። ነገር ግን ብዙ ሰው ትከሻው የሚያመው ከፍታው ላይ ስለሚሰቀል ነው። ተራ ጠረጴዛ ከ72 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ነው። መኪናው ሌላ 8 ሳንቲ ሜትር ጨመረበት እንበል። እጃችሁ የሚሰራው 80 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ነው። ትከሻችሁ ሳይታወቃችሁ ወደ ጆሯችሁ ይወጣል። ሁለት ሰዓት እንዲህ ቆይታችሁ ብትነሱ አንገታችሁ መዞር ይከለክላችኋል፤ መኪናው ዞሮ የነበረም ቢሆን።

መፍትሔው ወንበሩን ከፍ ማድረግ ነው፤ ክርናችሁ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ መዳፋችሁ ወለሉ ላይ እስኪያርፍ ድረስ። እግር ከተንጠለጠለ ፔዳሉን ጣውላ ላይ አስቀምጡት። ጨርቁን ጨብጦ መያዝም አይገባም። ጣቱ ላይ ጎማ ያለው ጓንት አድርጋችሁ መዳፍ ብታሳርፉ ይበቃል። ጭብጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው ከመዳፉ እስከ አንገቱ ይወጠራል።

ዘንበል ስለማድረግ

ጸሐፊዋ እዚህ ያነሱት ጥሩ ነገር ነው። መኪናው ወደሚሰፋው ሰው ትንሽ ሲያዘነብል መርፌው በደንብ ይታያል፣ አንገትም ማጎንበስ ይተዋል። አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ የማይንሸራተት ጎማ ከስር አድርጋችሁ ሞክሩት። እኔም እወደዋለሁ።

«የቻላችሁትን ያህል» የሚለው ግን አደጋ ነው። መኪና በፍጥነት ሲሰፋ ይንቀጠቀጣል። ከፍ ባለ ተዳፋት ላይ የተቀመጠ መኪና እየተራመደ ወደ እናንተ ይመጣል። ክዊልቱም ቁልቁለት አገኘ ማለት ነው፤ ሁልጊዜ ወደ ጭናችሁ ይንሸራተታል፣ ወደ ማዶ በገፋችሁት ቁጥር ዳገት ታወጡታላችሁ። ከጎን የሚጎትተውን ክብደት አስወግዳችሁ ከፊት የሚጎትት አመጣችሁ።

ግድግዳውስ?

ይሄ ምክር ጨርሶ ተገልብጧል። «በነጻነት ይንጠልጠል» ሲባል ደስ ይላል፤ ነጻነት ማን ይጠላል? ግን የተንጠለጠለ ክዊልት ነጻ አይደለም፣ መሬት እየሳበው ነው። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ጠረጴዛውን ወደ ክፍሉ ጥግ ግፉት። ከኋላ ግድግዳ፣ ከግራ ግድግዳ ይኑር። ወደ ማዶ የሄደው ጨርቅ ግድግዳውን ተደግፎ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል እንጂ አይወርድም። መኪናውን ካዞራችሁት ደግሞ ግራና ቀኙን ሁለቱንም መደገፍ አለባችሁ፤ ወንበርም፣ መተኮሻ ጠረጴዛም፣ የተገኘ ነገር። ወደ ፊት የሚወርደውን ደረታችሁ ላይ አውጡት፣ ጭናችሁ ላይ አትተዉት። ከዚያ በመርፌው ዙሪያ ሁለት መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ጨርቁን ልል አድርጉ። እሷን ሰፍታችሁ ስትጨርሱ ቁሙ፣ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ ጥቅሉን እንደገና አስተካክሉ፣ ቀጥሉ።

ጽሑፉ ያልነገራችሁ

ማዞር ዋጋ አለው። ስለዚህ አንድም ቃል አለማየቴ ገርሞኛል።

መዘውሩ ማዶ ይሄዳል። አንድ ስፌት በእጅ ለመውሰድ፣ የታችኛውን ክር ወደ ላይ ለማውጣት፣ በክዊልቱ ጥቅል ላይ ተንጠራርታችሁ ነው። መርፌ ማውረጃና ማንሻ ቁልፍ ያለው መኪና ካላችሁ ብዙም አይሰማችሁም። ከሌላችሁ ግን በቀን መቶ ጊዜ ትንጠራራላችሁ። ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን እግር በጉልበታችሁ የምታነሱበት ዘንግ ካለም ደህና ሰንብቺ በሉት፤ ቀዳዳው ከጉልበታችሁ ርቆ ሄዷል። ክር የሚገባበት የመኪናው ፊት ወደ ቀኛችሁ ስለሚዞር መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት አንገት መጠምዘዝ አለ። ቦቢኑ ከፊት የሚገባ ዓይነት ከሆነ፣ በር መክፈቻው በቀኝ በኩል ካደላደላችሁት ፎም ጋር ይጋጫል። እኔ ፎሙን እዚያ ጋ ተነቃይ አድርጌዋለሁ። ቦቢኑ ከላይ የሚገባ ከሆነ ይህ ችግር የለም።

ሌላም አለ። ብዙ የቤት መኪና ጨርቁ በአንዳንድ አቅጣጫ ሲሄድ የክር ውጥረቱ ይዛባል፤ በተለይ ኩርባ ላይ ፈጠን ስትሉ። ገበሩን ገልብጣችሁ ስታዩ እንደ ሽፋሽፍት የተሰደረ ክር ታያላችሁ። መኪናው ሲዞር እናንተ ግራና ቀኝ የምትሉት ለመኪናው ፊትና ኋላ ሆነ። ስለዚህ የለመዳችሁት ደካማ አቅጣጫ ቦታ ይቀይራል። ከዚያው ጨርቅና ከዚያው ጥጥ በተሰራ ቁራጭ ላይ በአራቱም አቅጣጫ ክብ ክብ ሰፍታችሁ ገበሩን ሳታዩ ወደ ዋናው ሥራ አትግቡ። ቁራጭ ለዚህ ይጠቅማል፤ ለውጥረት እንጂ ለክብደት አይፈትንም።

የጠረጴዛ ስፋትም ለኩ። የቤት መኪና ርዝመቱ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ጠረጴዛ ላይ ወደ ማዶ ስታዞሩት፣ ከፊታችሁ መዳፍ የምታሳርፉበት አንድ ስንዝር እንኳ አይተርፍም። በወትሮው አቀማመጥ ግን መኪናውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ከፊት ሰፊ ቦታ መተው ይቻላል። ብዙ ሰው መኪናውን ከጠረጴዛው ጠርዝ አስጠግቶ ነው የሚሰፋው። ክርን የሚያርፍበት ቦታ ያገኘ ሰው እጁ ይረጋጋል። ይቺን ሳታዞሩ፣ ምንም ሳትገዙ፣ ዛሬውኑ ልትሞክሯት ትችላላችሁ።

የእኔ መኪና አሁን ጥጉ ውስጥ ነው፣ እንደ ወትሮው አቅጣጫ፣ በዚያው አሮጌ ፎም ተከቦ። ፎሙ ጥጎቹ ተበልተዋል፣ ፕላስቲኩን ሁለቴ ቀይሬዋለሁ። መሃሉን እንዲህ አድርጌ እጨርሳለሁ። ዳር ዳሩ ላይ ረጅም ሐረግ ለመስፋት ስደርስ አዞረዋለሁ፤ እዚያ ላይ ጸሐፊዋ ልክ ናቸው። ያኔ መተኮሻ ጠረጴዛው በግራ፣ ወንበር በቀኝ ይቆማል። መዘውሩ ግን አሁንም ሩቅ ነው።